በኪስ የሚያዝ ትንሽ ሪቮልቨር፦ የትኛውን መምረጥ፣ እንዴትስ መያዝ ይገባል?

ባለጥያቄው፦

ለመድረኩ አባላት በሙሉ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። መሣሪያ በልብስ ሥር ሸሽጎ ለመያዝ የሚያስችለኝን ፈቃድ ከሚመለከተው አካል አግኝቻለሁ፤ ሕጉ የሚጠይቀውንም ሥልጠና ፈጽሜያለሁ። አሁን የቀረኝ የመሣሪያው ምርጫ ነው። ሥራዬ ቀኑን ሙሉ በስስ ሱሪና ሸሚዝ የምውልበት ስለሆነ ወገብ ላይ የሚታጠቅ ሽጉጥ ከልብሱ በላይ ጎልቶ ይታይብኛል፤ ስለዚህ በፊት ኪስ የሚገባ ሪቮልቨር ሳፈላልግ ቆይቼ ሁለት ዓይነት ላይ ደርሻለሁ። አንደኛው ኖርዝ አሜሪካን አርምስ የሚሠራው፣ መዳፍ ውስጥ ገብቶ የሚጠፋው ባለ አምስት ጥይት .22 ነው። ሁለተኛው እንደ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 642 ወይም እንደ ሩገር ኤልሲአር ያለ፣ .38 ስፔሻል የሚተኩስ አጭር ሪቮልቨር ነው።

የመጀመሪያው ክብደቱ 130 ግራም እንኳ ስለማይሞላ ልቤ ወደ እርሱ አዘንብሏል። ነገር ግን የቃታ ቀለበት የሌለውን መሣሪያ ኪስ ውስጥ ይዞ መንቀሳቀስ ምን ያህል አስተማማኝ እንደሆነ አልገባኝም። አምስቱንም ጥይት አጉርሼ ልያዘው ወይስ አንዱን ቀዳዳ ባዶ ልተው? ከሁለቱ የትኛውንስ ትመክሩኛላችሁ?

ጠጋኙ፦

መጨረሻ ላይ የጠየቁት ከምርጫው ይቀድማልና ከእርሱ ልጀምር። ይህ ትንሽ ሪቮልቨር ሲንግል አክሽን ነው፤ መዶሻው በአውራ ጣት ወደ ኋላ ተስቦ ካልተቀባበለ በቀር ቃታው ቢሳብም አይተኩስም። የቃታ ቀለበት አለመኖሩ ብዙ ሰው የሚያስደነግጠው ይህን ካለማጤን ነው። አደጋው ያለው ቃታው ላይ ሳይሆን መዶሻው ላይ ነው። መዶሻው ከአንዱ ጥይት ጀርባ ላይ እንዳረፈ ከተያዘ፣ መሣሪያው ከእጅ አምልጦ ወለል ላይ ሲወድቅ ወይም መዶሻው ከጠንካራ ነገር ጋር ሲጋጭ የጥይቱን ጠርዝ ጨፍልቆ ሊያስተኩሰው ይችላል።

ፋብሪካው በሲሊንደሩ ማለትም ጥይቶቹ በሚጎርሱበት የሚዞር ክብ አካል ጀርባ፣ በየሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል፣ ጠባብ ስንጥቅ የቀረጸው ለዚህ ነው። መዶሻው በስንጥቁ ውስጥ ሲያርፍ ከጥይት ጋር አይገናኝም፤ ሲሊንደሩም እንዳይዞር ይታሰራል። በዚህ ሁኔታ አምስቱንም አጉርሶ መያዝ ይቻላል። ስንጥቅ የሌለው የቆየ ሥሪት እጅዎ ከገባ ግን አራት ብቻ አጉርሰው መዶሻውን ባዶው ቀዳዳ ላይ ያሳርፉት።

አጎራረሱን በዝርዝር ልጻፈው፣ ምክንያቱም ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። አፈሙዙ ሰውም ንብረትም ወደማይጎዳበት አቅጣጫ እንደዞረ መዶሻውን እስከ ግማሽ ይሳቡት፤ ቀጭ ብሎ ሲቆም ሲሊንደሩ እንደልብ የሚዞር ይሆናል። ከበርሜሉ ሥር ያለውን ዘንግ፣ ጫፉ ላይ ያለውን ቁልፍ ተጭነው ይምዘዙትና ሲሊንደሩን ወደ ጎን አውጥተው ጥይቶቹን ያጉርሱ። መልሰው ሲገጥሙት ዘንጉ እስከ መጨረሻው ገብቶ መቆለፉን ወደ ውጭ ሳብ አድርገው ይፈትኑ። ከዚያ ሲሊንደሩን በቀስታ አዙረው ስንጥቁን ከመዶሻው ጫፍ ጋር ያስተካክሉ፤ መዶሻውን በአውራ ጣትዎ አጥብቀው ይዘው ጥቂት ወደ ኋላ ሳብ ካደረጉ በኋላ ቃታውን ስበው መዶሻውን እየያዙ ያውርዱት። ከጎን ሲመለከቱት የመዶሻው ጫፍ በሁለት ቀለሆች ጠርዝ መካከል ጠልቆ መታየት አለበት፤ ሲሊንደሩን በጣትዎ ለማዞር ሲሞክሩም ንቅንቅ ማለት የለበትም። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ እንደገና ይጀምሩ።

በግማሽ የተሳበው ቦታ የማጉረሻ ቦታ እንጂ የመያዣ ቦታ አይደለም። በዚያ ቦታ ትቶ ኪስ ውስጥ የሚከት ሰው ካጋጠመዎት ይንገሩት፤ ቅር ቢለውም ይንገሩት።

ቀጥታ ተኳሽ፦

የጠጋኙ ማብራሪያ ትክክል ነው፤ እኔ ግን ምርጫውን በሚመለከት ጠንከር ያለ ሐሳብ አለኝ። ሪቮልቨር ሲመረጥ ብዙዎች ኪሳቸውን ይለካሉ፤ መለካት የሚገባው እጅ ነው። ትንሹ .22 እጀታው ሁለት ጣት እንኳ በቅጡ አይዝም፤ ማነጣጠሪያው የስንዴ ፍሬ ታክላለች፤ በርሜሉ በአጭሩ ሥሪት 3 ሴንቲሜትር አይሞላም። ባዶ ክፍል ውስጥ ሲይዙት ደስ ይላል፤ ሜዳ ላይ 5 ሜትር ርቀት ካለ ወረቀት ፊት ሲቆሙ ግን አምስቱ ጥይት አምስት የተለያየ ቦታ ሲያርፍ ያያሉ። የባለቤቱ ችሎታ ጉድለት ነው ብዬ አላምንም፤ እጅ የሚይዘው ነገር ሲያጣ ቃታው በተሳበ ቁጥር አፈሙዙ አብሮ ይጎተታል።

ሌላው ሐሳቤ ስለ ጊዜ ነው። ሰው ራሱን ለመከላከል በሚገደድበት ቅጽበት እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ። በዚያ ሁኔታ ለእያንዳንዱ ጥይት ያቺን ትንሽ መዶሻ በአውራ ጣት ፈልጎ መሳብ ቀላል አይደለም። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 642 ደብል አክሽን ብቻ ነው፤ መዶሻው አካሉ ውስጥ ስለተሸፈነ በልብስ አይያዝም፣ ቃታውን መሳብ ብቻ ይበቃል። ክብደቱ 400 ግራም ጥቂት ያልፋል። ፖሊመር ያለበት ኤልሲአር በ.38 ስፔሻል ሥሪቱ ከዚያም ጥቂት ይቀላል። ሁለቱም ጥሩ የኪስ ማኅደር ካገኙ በፊት ኪስ ይገባሉ።

ቀጭን ጥይት፦

ለቀጥታ ተኳሽ አክብሮቴን እየገለጽሁ፣ .38ቱን እንደ ቀላል መፍትሔ ማቅረቡ ላይ አልስማማም። 400 ግራም በሚመዝን ሪቮልቨር .38 ስፔሻል መተኮስ መዳፍን ያማል፤ ሕመሙም ብዙ ሰው ልምምድ እንዲያቆም ያደርገዋል። እጁ ደካማ የሆነ ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ያለበት ሰው ያንን ረጅምና ከባድ የደብል አክሽን ቃታ ጨርሶ ላይስበው ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ሊያቀባብለው የሚችል .22፣ ሊተኩሰው ከማይችለው .38 ይሻላል። መካከለኛ መንገድም አለ፤ ኤልሲአር በ.22 ሎንግ ራይፍል ስምንት ጥይት፣ በ.22 ማግነም ደግሞ ስድስት ይይዛል። ሆኖም ሪምፋየር ጥይት፣ ማለትም እንደነዚህ .22ቶች ጠርዙ ተመትቶ የሚተኩስ ጥይት፣ ጠንከር ያለ ምት ስለሚፈልግ የእነዚህ ቃታ ከ.38ቱም የከበደ መሆኑን አውቀው ይግቡበት።

ስለ ጥይቱ ራሱ ጥቂት ልበል። .22 ሎንግ ራይፍል እ.ኤ.አ. ከ1887 ጀምሮ ያለ ጥይት ነው፤ .22 ማግነም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1959 ዊንቸስተር ያወጣው ነው። ሁለቱም በዋነኛነት ከረጅም በርሜል ጋር የሚስማሙ ናቸው። ማግነም ከጠመንጃ በርሜል ሲወጣ የሚያገኘው ፍጥነት ከ4 ሴንቲሜትር በርሜል ሲወጣ ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ ባሩዱ በርሜሉ ውስጥ ነዶ ሳያልቅ ጥይቱ ስለሚወጣ የቀረው ከአፈሙዙ ውጭ ትልቅ የእሳት ብልጭታ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ከሽያጭ ሣጥኑ ላይ የተጻፈውን ፍጥነት አንብበው አይግዙ፤ ያ ቁጥር የጠመንጃ ቁጥር ነው። ለአጭር በርሜል ታስበው የተሠሩ የ.22 ማግነም ጥይቶች አሉና እነርሱን ፈልገው በራስዎ መሣሪያ ይሞክሯቸው።

መክሸፍንም ማሰብ ያስፈልጋል። በሪምፋየር ጥይት ማቀጣጠያው ቅመም ያለው በቀለሁ ጠርዝ ዙሪያ ነው፤ ቅመሙ በጠርዙ ሁሉ እኩል ካልተዳረሰና መዶሻው ቅመም የሌለበትን ቦታ ከመታ ጥይቱ ይከሽፋል። መሐሉ ላይ የተለየ ማቀጣጠያ ካለው ከ.38 ስፔሻል ጋር ሲነጻጸር ይህ በብዛት ያጋጥማል። ሪቮልቨር በመሆኑ መዶሻውን እንደገና ስቦ ወደሚቀጥለው ጥይት ማለፍ ይቻላል፤ በልምምድ ሜዳ ላይ ግን እንዲህ አይደረግም። ከሽፏል የተባለ ጥይት ዘግይቶ ሊተኩስ ስለሚችል አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳዞሩ ቢያንስ 30 ሰከንድ ይጠብቁ።

ባለጥያቄው፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ላጣራ። ቀጭን ጥይት የጠቀሱት .22 ማግነም ካማረኝና የማግነሙን ሥሪት ከገዛሁ፣ ለልምምድ ዋጋው ርካሽ የሆነውን ሎንግ ራይፍል በዚያው ሲሊንደር ማጉረስ እችላለሁ? ሁለቱም .22 ናቸውና ሲገባ ይገባል ብሎኛል አንድ ጓደኛዬ።

ጠጋኙ፦

ይገባል፤ መግባቱ ነው አደገኛ ያደረገው። የማግነሙ ቀለህ ከሎንግ ራይፍሉ ይወፍራል፣ ስለዚህ ቀዳዳውም ሰፊ ነው። ሎንግ ራይፍል በዚያ ውስጥ ሲተኮስ ቀለሁ የሚደገፍበት ግድግዳ አጥቶ ያብጣል፣ አንዳንዴም ይሰነጠቃል፤ ጋዝና የነሐስ ስንጥር ወደ እጅና ወደ ዓይን ሊመጣ ይችላል። መፍትሔው ፋብሪካው በአንድ አካል ላይ የሚለዋወጡ ሁለት ሲሊንደሮችን አድርጎ የሚሸጠውን ሥሪት መግዛት ነው፤ አንዱ ለማግነም፣ ሌላው ለሎንግ ራይፍል ነው። ሲሊንደሮቹን እንዳያቀያይሩ የትኛው የየትኛው እንደሆነ ሳያዩ አይግጠሙ፤ በተለይም ከሌላ ተመሳሳይ ሪቮልቨር የተወሰደ ሲሊንደር በራስዎ አካል ላይ አይሞክሩ፣ ቀዳዳውና በርሜሉ በትክክል ላይገጥሙ ይችላሉ።

ባዶውን ሪቮልቨር ደጋግሞ ማስመታትም አይመከርም። የሪምፋየር መዶሻ ጥይት ሲያጣ የቀዳዳውን ጠርዝ ይመታል፤ ይህ ሲደጋገም ጠርዙ ይጎረብጥና ጥይት ለማስገባት ያስቸግራል። ጠርዙ ከተጎዳ በኋላ የመክሸፉ መንስኤ ጥይቱ ይሁን መሣሪያው ለመለየት ይከብዳል።

የተኩስ መምህር፦

እስካሁን ያልተነሣ ነገር አለ፤ እርሱም የጣቶች ጉዳይ ነው። በእነዚህ ትንንሽ ሪቮልቨሮች የማስተምራቸው ሰዎች ሁሉ በመጀመሪያ የሚያደርጉት፣ ትልቅ ሽጉጥ እንደሚይዙ አድርገው የግራ እጃቸውን ከፊት አምጥተው መደገፍ ነው። በርሜሉ 3 ሴንቲሜትር በማይሞላበት መሣሪያ ላይ ከፊት የመጣው ጣት አፈሙዙን አልፎ ይወጣል። ጣት አፈሙዙን ባያልፍም በሲሊንደሩና በበርሜሉ መካከል ያለው ክፍተት አለ፤ ጥይቱ በተተኮሰ ቁጥር ትኩስ ጋዝና የእርሳስ ብናኝ በዚያ ክፍተት በግራና በቀኝ ይፈነጠቃል፣ ቆዳም ያቃጥላል።

የማስተምረው አያያዝ ይህ ነው፦ የቀኝ እጅ እጀታውን ሙሉ በሙሉ ይጨብጣል፣ የማይገቡት ጣቶች ከእጀታው ሥር ይጠቀለላሉ። የግራ እጅ ከኋላና ከሥር ሆኖ የቀኙን ጭብጥ ይሸፍናል፤ የትኛውም የግራ ጣት ከቃታው ፊት አያልፍም። መዶሻውን የሚያቀባብለው የግራ አውራ ጣት ቢሆን ይሻላል፣ የቀኙ ጭብጥ እንዳይላላ። ቃታውን የሚስበው ጣት መዶሻው ተቀባብሎ አፈሙዙ ዒላማው ላይ እስኪያርፍ ድረስ ከቃታው ራቅ ብሎ በአካሉ ጎን ይዘረጋል። የቃታ ቀለበት ባለመኖሩ ጣት የት እንዳለች የሚነግርዎት ነገር የለም፤ እርስዎ ማወቅ አለብዎት።

ከተቀባበለ በኋላ ሳይተኮስ መመለስ ካስፈለገስ? በልምምድ ጊዜ ሁሉ ይህንን አስጠናለሁ፤ ምክንያቱም ሰው መሣሪያ አውጥቶ ሳይተኩስ አደጋው ሊያልፍ ይችላል፣ ይህም ከሁሉ የተሻለው ፍጻሜ ነው። መዶሻው እንደተቀባበለ ሪቮልቨሩን ወደ ኪስ መመለስ ፈጽሞ አይገባም። አፈሙዙ ወደ መሬት ወይም ጥይት ወደሚያቆም ነገር ዞሮ፣ መዶሻው በሁለት አውራ ጣቶች ተይዞ፣ በቀስታ ይወርዳል፤ ከዚያም ጠጋኙ እንደጻፉት በስንጥቁ ውስጥ መቀመጡ ይረጋገጣል። ላብ በላብ በሆነ እጅ ይህ ቀላል አይደለም። ስለዚህ በባዶ መሣሪያ፣ ባዶነቱን በዓይንም በጣትም ካረጋገጡ በኋላ፣ መዶሻውን ማውረድ ብቻውን አንድ ልምምድ አድርገው ይያዙት። መዶሻው በቀስታ ስለሚወርድ የቀዳዳውን ጠርዝም አይጎዳም።

የጆሮ መከላከያ ሳያደርጉ አይተኩሱ። የ.22 ድምፅ ትንሽ ነው የሚባለው ስለ ጠመንጃ ነው፤ ከዚህ በርሜል የሚወጣው ጆሮን በአንድ ጊዜ ሊጎዳ ከሚችለው ከ140 ዴሲቤል በላይ ነው። ሲጨርሱም እጅዎን በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ይታጠቡ፣ እርሳሱ ከእጅ ወደ አፍ እንዳይሄድ።

የድሮ ዕቃ ወዳጅ፦

ጉዳዩን ሳልለቅ አንድ ታሪክ ልጨምር። ያለ ቃታ ቀለበት የተሠራ ትንሽ ሪቮልቨር አዲስ ነገር አይደለም። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን እ.ኤ.አ. በ1857 ያወጣው የመጀመሪያ ሪቮልቨሩ ሰባት .22 ጥይት የሚይዝና ቃታው ያለ ቀለበት ከአካሉ ሥር ብቅ ያለ ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ደግሞ በፈረንሳይ ብስክሌተኞች ከሚያሳድዷቸው ውሾች ለመከላከል ብለው በኪስ የሚይዙት ቬሎዶግ የሚባል ሪቮልቨር ነበረ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ቃታቸው ወደ ፊት የሚታጠፍ ነበር። አሁን የምናየው የኖርዝ አሜሪካን አርምስ ዓይነት ንድፍ ዲክ ካሱል ከሚባለው አሜሪካዊ የመሣሪያ ንድፍ አውጪ ጋር የተያያዘ ነው፤ እርሱ የመሠረተው ፍሪደም አርምስም በጅማሬው ይህንኑ መሰል ትንሽ ሪቮልቨር ይሠራ ነበር። እነዚህን የቆዩትን ከሰው እጅ የሚገዛ ሰው፣ ከላይ የተነሣው የመዶሻ ማረፊያ ስንጥቅ መኖሩን ሳያይ ገንዘቡን አይክፈል።

እናት ነኝ፦

እዚህ የምትጽፉት ሁሉ ስለ ባለቤቱ እጅ ነው። እኔ ስለ ልጆች እጅ ልጠይቃችሁ። ይህ መሣሪያ ከመጫወቻ አይለይም፤ መጠኑም ለትልቅ ሰው ሳይሆን ለልጅ እጅ የተሠራ ይመስላል። ማታ ሱሪው ወንበር ላይ ሲጣል ሪቮልቨሩ የት ይሆናል? በጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ጨርቅ ተጠቅልሎ የሚቀመጥ ከሆነ ልጅ የሚያገኘው ዛሬ ወይም ነገ ነው። የኪስ መሣሪያ በቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚወጣና የሚገባ ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ ካዝና ውስጥ ተቆልፎ እንደሚቀር ጠመንጃ ልታስቡት አይገባም። ባለጥያቄው ወንድሜ ሪቮልቨሩን ከመግዛታቸው በፊት የሚቆለፍ ትንሽ የብረት ሣጥን ገዝተው መተኛ ክፍላቸው ግድግዳ ላይ ወይም አልጋው እግር ላይ እንዲያስሩት እለምናቸዋለሁ። መሣሪያው ያለው ወይ ሰውነትዎ ላይ ነው፣ ወይ ሣጥኑ ውስጥ ነው፤ ሦስተኛ ቦታ አይኑረው።

የተኩስ መምህር፦

እኅቴ ያሉት ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው፤ ከዚያ ጋር የሚሄደውን የኪሱን ጉዳይ ላክልበት። ሪቮልቨሩ ያለበት ኪስ ሌላ ምንም ነገር አይግባበት፤ ቁልፍም፣ ሳንቲምም፣ መሐረብም። ማኅደሩ ቃታውንና መዶሻውን የሚሸፍን፣ ኪሱ ውስጥ ተይዞ የሚቀር፣ ሪቮልቨሩ ሲወጣም አብሮ የማይወጣ መሆን አለበት። እጅዎን ኪስዎ ውስጥ ከትተው መሣሪያውን የመነካካት ልማድ ከያዘዎት ቶሎ ይተዉት፤ የተሸሸገውን የሚገልጠው ይህ ነው።

ባለጥያቄው፦

የሁላችሁንም ምክር ይዤ ወደ ተኩስ ሜዳ ሄድሁ፤ ሁለቱንም ዓይነት በኪራይ ሞከርኋቸው። ትንሹ .22 ኪሴ ውስጥ መኖሩ እንኳ አይታወቀኝም ነበር፤ ነገር ግን የተኩስ መምህሩ እንዳሉት መዶሻውን ያለ ተኩስ የማውረዱ ነገር እጄ ላይ አልረጋም፤ አውራ ጣቴ ሰፊ ስለሆነ የመዶሻዋን ጫፍ ብዙ ጊዜ ግማሹን ብቻ ነው የሚይዘው። 642ን ደግሞ በ.38 ስፔሻል ዋድካተር ሞከርሁት። ይህ ጥይት ቀስ ብሎ የሚሄድና ወደ ኋላ የሚመታው ግፊት ለዘብ ያለ በመሆኑ እጄ አላመመኝም፤ ወረቀቱም ላይ ክብና ጥርት ያለ ቀዳዳ ይተዋል፤ ጥይቶቹ ከመዳፌ ስፋት ባልወጣ ቦታ ተሰብስበው አረፉ። ስለዚህ 642ን ልወስድ ወስኛለሁ። እናት ነኝ ያሉን እኅት ያሳሰቡትን ሣጥንም ቀድሜ አዝዣለሁ። ቀላል በሆነ ሪቮልቨር ላይ ከጥይት ጋር የተያያዘ ልጠነቀቀው የሚገባ ነገር ካለ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ጠጋኙ፦

አለ። ሪቮልቨሩ ቀላል ሲሆን በእያንዳንዱ ተኩስ ወደ ኋላ የሚሄድበት ፍጥነት ይጨምራል፤ በሲሊንደሩ ውስጥ ያልተተኮሱት ጥይቶች ቀለሃቸው አብሮ ወደ ኋላ ሲጎተት፣ እርሳሱ ባለበት ለመቅረት ስለሚሞክር ከቀለሁ አፍ ወደ ፊት እየተሳበ ይወጣል። በደንብ ካልተጨመቀ ከሲሊንደሩ ፊት ብቅ ብሎ የበርሜሉን ጀርባ ይነካና ሲሊንደሩን ጭራሽ እንዳይዞር ያደርገዋል። ይህ ለመያዝ በሚመርጡት ጠንከር ያለ ጥይት ላይ የሚታይ ስለሆነ ዋድካተሩ ደህና ሆነ ብለው ያንን ሳይፈትኑ አይተዉት። አምስት አጉርሰው አራቱን ይተኩሱ፤ አምስተኛውን ሳይተኩሱ ያውጡትና ከሣጥኑ ካወጡት አዲስ ጥይት ጎን አቁመው ቁመታቸውን ያስተያዩ። እርሳሱ ወጣ ብሎ ካገኙት ያንን ጥይት ለዚህ ሪቮልቨር አይጠቀሙበት፤ ያንኑ አንዱን ጥይትም መልሰው አያጉርሱት።